የገዳዩ ሰማያዊ ክራባት

ባለፈው ሰሞን የተጠራሁበት ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲነሡ ባንዱ «ማክ ዘ ናይፍ»ን ጀመረ። ዜማውን የማያውቅ የለም። ስሙን የማያውቀው እንኳ ሆቴል ሊፍት ውስጥ ወይም ስልክ ይዞ ሲጠብቅ ሰምቶታል። ሚዜዎቹ ጣታቸውን እያጮሁ ትከሻቸውን ወዝወዝ አደረጉ። ሙሽራዪቱ ረጅሙን ቢላ በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ ስትል ፎቶ አንሺው «አዎ፣ እንደሱ! እንዳትንቀሳቀሺ!» ይላል። እኔ ዘፈኑ ስለ ምን እንደሚያወራ ስለማውቅ የጎረስኩት ጥብስ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ዘፈኑ የወንጀል መዝገብ ነው። በወንዝ ዳር የወደቀ ሬሳ አለ። ከነገንዘቡ ደብዛው የጠፋ ሀብታም አለ። ደረቷ ላይ ቢላ ተተክሎ የተገኘች ሴት አለች። ለንደን ውስጥ፣ ሶሆ በሚባለው ሰፈር፣ ሰባት ሕፃናትና አንድ ሽማግሌ የፈጀ ቃጠሎ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በተኛችበት የተደፈረች ለጋ መበለት አለች። የዚህ ሁሉ ባለቤት ንጹሕ ለብሶ ይንሸራሸራል፤ የሚጠይቀውም የለም። አጠገቤ ለተቀመጡት አዛውንት ይህንኑ ሹክ ብላቸው፣ «ታዲያ ምን አለበት ልጄ? በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለም እንዴ?» ብለው ወደ ጥብሳቸው ተመለሱ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ «ይህ ዘፈን በአንድ ሌሊት የተጻፈው በአንድ ተዋናይ ክራባት የተነሣ ነው» የሚል ወሬ ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ማን እንደነገረኝ አላስታውስም፤ ለብዙ ሰው ግን እኔው ነግሬዋለሁ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ላጣራው ብዬ ተነሣሁ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

መነሻው እንዲህ ነው። በ1928 በርሊን ውስጥ ኤርንስት ዮሴፍ አውፍሪሽት የሚባል ወጣት ሺፍባወርዳም የተባለውን ቲያትር ቤት ተከራየ። መክፈቻው ኦገስት 31፣ ማለትም 30ኛ ዓመቱን በሚደፍንባት ዕለት እንዲሆን ወሰነ። ቀኑ አለ፣ አዳራሹ አለ፣ ቲያትር ግን የለም። ሲፈልግ ሲፈልግ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ባለ ቅኔውንና ጸሐፊ ተውኔቱን በርቶልት ብሬኽትን አገኘው። ብሬኽት ያኔ እሱም 30 ዓመቱ ነው፤ ስለሚወደው ሥራው ብዙ አወራለትና አውፍሪሽት አልሳብ ሲለው «ሌላም የጎን ሥራ አለችኝ» አለ። የጎን ሥራዋ ጆን ጌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1728 ለንደን ላይ ያሳየው «የለማኞች ኦፔራ» ነበረች። የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበል ነጋዴ፣ ሌባና ወህኒ ጠባቂ በአንድ ማዕድ የሚበሉባት ከተማ፤ ጌይ የሳቀው በዘመኑ ሹማምንት ላይ ነው። ብሬኽት ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ያንኑ ሳቅ ወደ በርሊን ነጋዴዎች አዞረው። ጽሑፉን ከእንግሊዝኛ የተረጎመችለት ኤልዛቤት ሀውፕትማን ናት፤ ሙዚቃውን የሠራው ኩርት ቫይል። «ማክ ዘ ናይፍ» የወጣበት፣ «ባለ ሦስት ሳንቲም ኦፔራ» የተባለው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ክራባቱ። ዋናውን ወንበዴ፣ ማኪን፣ የሚጫወተው ሃራልድ ፓውልሰን የኦፔሬታ ኮከብ ነበር። ሴቶች የሚወዱት፣ እሱም ይህንኑ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ለሚናው የመረጠው ሰማያዊ የቢራቢሮ ክራባት ነበር። ሰማያዊ ስል የጠራ ሰማይ ሰማያዊ ማለቴ ነው። አውፍሪሽት ከአሥርታት በኋላ በጻፈው ትዝታ እንደሚለው ክራባቱ አዘጋጆቹን አናደደ። ወንበዴ ነው የምንለው ሰው ለሻይ ግብዣ የመጣ መሰለ። «አውልቅ» ቢሉት «ሚናውን እተዋለሁ እንጂ ክራባቴን አላወልቅም» አለ። በዚህ ጊዜ ብሬኽት ተዉት አለ፤ እንዳማረበት ይግባ፣ እኛ አስቀድመን ሥራውን በሙሉ በዘፈን እንናገርበታለን። በማግስቱ ግጥሙ መጣ፣ ከግጥሙም ቀጥሎ ዜማው ደረሰ ይባላል።

ተቀናቃኝ ምስክር ደግሞ አለች። የቫይል ባለቤት ሎቴ ሌንያ ጄኒ የተባለችውን ሴተኛ አዳሪ ትጫወት ነበርና እዚያው ነበረች። በእሷ አነጋገር ክራባቱን አውልቅ ያለው ሰው የለም፤ ነገሩን የለኮሰው ራሱ ፓውልሰን ነው። «አገባቤ ደበዘዘ፤ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ ይዘፈንልኝ፣ ቢቻል ክራባቴም ይነሣ» ብሎ ጠየቀ። ብሬኽት አንዳች ሳይናገር ወጣ፣ በማግስቱም የለመነውን ይዞለት መጣ። ስለ እሱ ተዘፈነለት፤ ነገር ግን የተዘፈነለት ገድል አልነበረም፣ የክስ ቻርጅ ነበር።

የቱን ልመን? ሁለቱም በቦታው ነበሩ፣ ሁለቱም የጻፉት ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። ሌንያ ጥሩ ወሬ የምታውቅ ሴት ናት፤ አውፍሪሽት ደግሞ ኪሣራ ሲያስፈራው የከረመ ሰው ነውና ዝርዝር አይጠፋበትም። እኔ ልቤ ወደ ሌንያ ያደላል። ውዳሴ ለምኖ ክስ የተቀበለ ሰው ታሪክ እንደዚህ ካላማረ ሌላ ምን ያምራል? ያም ሆነ ይህ ሁለቱ ምስክሮች ከሚለያዩበት የሚስማሙበት ይበልጣል። ክራባቱ አልወለቀም። የዚህ ሁሉ ሥራ ምሥጢር ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ተራ አዘጋጅ ቢሆን ወንበዴውን ወንበዴ ያስመስለው ነበር፤ ጠባሳ ይሥልበት፣ ጢሙን ያጎፍርበት ነበር። ብሬኽት ግን የጨዋ ልብሱን እንደለበሰ ተወውና ወንጀሉን በሌላ ሰው አፍ አስነገረበት። ተመልካቹ ሬሳውን በጆሮው እየሰማ ክራባቱን በዓይኑ ያያል። ምፀቱ ያለው በጆሮና በዓይን መካከል ነው።

ያንን ዘፈን የሚዘፍነው ማኪ ራሱ አይደለም፤ የገበያ ዘፋኝ ነው። በጀርመን አገር እንዲህ ያሉ ዘፋኞች ለብዙ ዘመን ነበሩ። ሸራ ላይ የተሣሉ ሥዕሎች ሰቅለው፣ በዘንግ እያመለከቱ፣ በእጅ የሚዘወር ኦርጋን እያሰሙ የሰሞኑን ግድያ ለገበያተኛው ይተርኩና ሳንቲም ይለቅማሉ። ብሬኽት ይህን በልጅነቱ አውግስቡርግ ከተማ ገበያ ላይ አይቶታል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ምሽት እውነተኛ ባለ እጅ ኦርጋን ተዘጋጀ፤ ዘፋኙ ኩርት ጌሮን፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ እጀታውን ያዘና መዘወር ጀመረ። ኦርጋኑ ግን ጭጭ። ያለ ሙዚቃ አንድ ቤት ከዘፈነ በኋላ ነው ኦርኬስትራው ደርሶ ያዳነው። ተሰብሳቢውም ፈዞ ቆይቶ የሞቀው ኋላ ላይ፣ ማኪና የፖሊስ አዛዡ አብረው ወታደር የነበሩበትን ዘመን እያወሱ ሲዘፍኑ ነው። እዚያ ላይ «ይደገም!» ተባለ። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልተገኘም።

ግን ይህን ነገር እንዴት ነው መዝፈን ያለባቸው? ብሬኽት በ1931 ባወጣው ማስታወሻ ላይ ለተዋንያኑ ጽፎታል፤ እንደ ልማዱ በትእዛዝ መልክ። መናገር አንድ ነው፣ ጮክ ብሎ መናገር ሌላ ነው፣ መዝፈን ደግሞ ሌላ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ተመልካቹ መሻገራቸውን ይወቅ። ቃል ያነሰው ስሜት ሞልቶ ዘፈን ሆነ ብላችሁ አታስመስሉ። እንዲያውም ዜማውን በጭፍን አትከተሉት፣ አንዳንዴ በዜማው ላይ ተናገሩበት። መድረኩም ይህንኑ ይናገር ነበር። ዘፈን ሲመጣ መብራቱ ወርቃማ ይሆናል፣ ኋላ ያለው ኦርጋን ይበራል፣ የዘፈኑ ርእስ የተጻፈበት ሰሌዳ ከላይ ይወርዳል። «አሁን ዘፈን ነው፤ ተኝታችሁ ከሆነ ተነሡ» እንደ ማለት ነው።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ትምህርት በነጻ ያገኘዋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ይቀበለውና ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ባለ ሱፍ ያቀብለዋል። ነገሩ ይነካል፣ ሰውየው ግን ይስቃል፤ አዝማሪውም ፊቱ ላይ የቂም ምልክት የለም። ቂም ቢታይበት ኖሮ ጠብ ይሆን ነበር። አዝማሪው የሚዋጣለት እንባውን ስለማያሳይ ነው፤ የነገሩን ስለት ለሰሚው ትቶ እሱ ወደ ቀጣዩ ስንኝ ያልፋል።

እዚህ ላይ የግል ቂሜን ላውጣ። ቂሜ ከዋሽንት ጋር ነው። ዋሽንት ራሱ ምንም አልበደለኝም፤ የበደለኝ ግጥም በተነበበ ቁጥር ከኋላ የሚገባው ዋሽንት ነው። አንድ የግጥም ምሽት ላይ አንድ ወጣት ብሬኽት በ1935 የጻፈውን «የሚያነብ ሠራተኛ ጥያቄዎች» የተባለ ግጥም በአማርኛ ሊያቀርብ ወጣ። ግጥሙ ላይ አንድ ሠራተኛ የታሪክ መጽሐፍ ገልጦ ያነባል፤ ከተሞቹን የሠሩት ነገሥታት ናቸው ተብሎ ሲያይ «ድንጋዩንም እነሱ ተሸከሙት እንዴ?» እያለ ይጠይቃል። ፍጹም ደረቅ፣ ፍጹም አሽሟጣጭ ግጥም ነው፤ የወር ደመወዝ ሲቆረጥበት ሒሳብ ክፍል ሄዶ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ይፈልጋል። ወጣቱ ግን ዓይኑን ጨፈነ። ዋሽንቱ ጀመረ። ልጁ ድምፁን አለሰለሰ፣ አርገበገበ፣ መጨረሻው ላይ ጉሮሮው ሳግ ያዘው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከፊቴ የተቀመጡ ሴት መሐረብ አወጡ። ለማን ነው ያለቀሱት? ለድንጋይ ተሸካሚው? ሞቷል እኮ፤ ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል! ሠራተኛው የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ለጥያቄ ደግሞ መልስ እንጂ መሐረብ አይቀርብም። ስወጣ ዋሽንተኛውን በር ላይ አገኘሁትና ክፉ ክፉ አየሁት። እሱ ምን ያድርግ፤ ተከፍሎታል።

ብሬኽት ራሱ ሲዘፍን እንባ የሚባል ነገር አልነበረም። በወጣትነቱ ጊታር ይዞ ከጓደኞቹ ጋር በየመጠጥ ቤቱ ይዘፍን ነበር። አርአያው ፍራንክ ቬደኪንድ ነው፤ ያ ሰው የቲያትር ደራሲ ሆኖ ሳለ ሙኒክ ውስጥ በ1901 በተከፈተ ካባሬ፣ ማለትም የዘፈንና የስላቅ መድረክ፣ ጊታሩን ይዞ ይወጣና የገዛ ግጥሞቹን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያነበንብ ነበር። ቀደም ሲልም በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ላይ በጻፈው ስላቅ ታስሯል። በማርች 1918 ሲሞት የ20 ዓመቱ ብሬኽት በከተማው በአውግስቡርግ ጋዜጣ ላይ ስንብት ጻፈለት። ብሬኽት በ1929 በገዛ ድምፁ ያስቀረጸው የማኪ ዘፈን ዛሬም ይገኛል። ድምፁ ስል ነው፣ «ር»ን ያንከባልላታል፣ ውበት ለተባለ ነገር ደንታ የለውም። የዕቃ ዝርዝር የሚያነብ ጸሐፊ ነው የሚመስለው። እኔን ያንቀጠቀጠኝ እሱ ነው።

ይህ ዓይነት አዘፋፈን ዋጋ ያስከፍላል። በጃንዋሪ 1922 በርሊን ውስጥ ትሩደ ሄስተርበርግ በምትመራው ካባሬ ብሬኽት «የሞተው ወታደር ትርክት» የተባለውን ዘፈኑን ዘፈነ። ንጉሡ ጦርነቱ ስላላለቀለት የሞተ ወታደር ከመቃብር ይወጣል፤ የሐኪሞች ቦርድ ይመረምረውና «ጤነኛ ነው» ብሎ ለሁለተኛ ሞት ይልከዋል። አዳራሹ ውስጥ አንደኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጉ ሰዎች ነበሩ። ጩኸቱ ስላየለ ሄስተርበርግ መጋረጃ አስወረደች። በ1935 ናዚዎች ዜግነቱን ሲገፉት ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ዘፈን ነበር። አንድ ዘፈን አሥራ ሦስት ዓመት ቂም ሲያዝበት፣ ዘፈኑ ሠርቷል ማለት ነው።

ወደ ኦፔራው ልመለስ ስል አንድ ሌላ ነገር ጠለፈኝ፤ ከክራባቱም በላይ ጊዜዬን የበላው እሱ ነው። በሜይ 1929፣ ቲያትሩ ገንዘብ እያፈሰ ሳለ፣ አልፍሬድ ኬር የተባለ ኃያል የበርሊን ሐያሲ ብሬኽትን በጋዜጣ ሌባ አለው። ከዘፈኖቹ በርካታው የፍራንሷ ቪዮን፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ባለ ቅኔና ወንጀለኛ፣ ግጥሞች ላይ የቆሙ ናቸው። የቪዮን ስም ተጠቅሷል፤ ወደ ጀርመንኛ የመለሰው የኬ. ኤል. አመር ስም ግን የለም፣ ስንኞቹም ቃል በቃል ተወስደዋል። የብሬኽት መልስ በጀርመን አገር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ከ625 ስንኝ 25ቱ የአመር መሆናቸውን አመነ፣ ስሙን መጥቀስ ረሳሁ አለ፣ መርሳቱንም በአእምሮ ንብረት ጉዳይ ላይ በመርሕ ደረጃ ግዴለሽ ከመሆኑ ጋር አያያዘው። በመርሕ ደረጃ! እኔ የተበደርኩትን መጽሐፍ ሳልመልስ ስቀር እንዲህ ያለ መልስ መቼም መጥቶልኝ አያውቅም። ካርል ክራውስ የተባለው የቪየናው አሽሟጣጭ ደግሞ ለብሬኽት ተሟገተለት። የነገሩ ጭብጥ፣ 25ቱን ስንኝ የወሰደው እጅ ትንሿ ጣት እንኳ ከከሳሹ ከኬር የበለጠ ፈጠራ አላት የሚል ነው።

የገረመኝ ግን ተሰራቂው ነው። አመር የሚባል ሰው የለም። ካርል ክላመር የሚባል የኦስትሪያ መኮንን ነበር፤ የአባቱን ስም ከፊቱ ቆራረጠና ሁለት ፊደል ለምህጻር አውጥቶ የቀረችውን የብዕር ስም አደረጋት። ቪዮንን የተረጎመው በ1907 ነው። ከክሱ በኋላ ከኦፔራው ገቢ 2.5 በመቶ ተቆረጠለት። መጽሐፉም በ1930 እንደገና ታተመለት፤ መግቢያ ግጥሙን የጻፈለት ማን ሆነና፣ ሌባው ብሬኽት። በዚያችው 2.5 በመቶ ቪየና ዳርቻ ግሪንዚንግ በተባለው ሰፈር የወይን እርሻ ገዛ፣ ለወይን ጠጁም የኦፔራውን ስም በማስታወስ «የሦስት ሳንቲም ጠብታ» አለው ይባላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀርቶ የዚያን ወይን አንድ ጠርሙስ ማግኘት ሆነ ሐሳቤ። ቪየና የሚኖረውን የአክስቴን ልጅ ደውዬ አስጨነቅሁት። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ቅዳሜ ወጣልኝና ማታ ደወለ። «ጋሼ፣ ግሪንዚንግ ያለውን ወይን ቤት ሁሉ አዳረስኩት። የሦስት ሳንቲም ወይን አላችሁ ወይ ስላቸው ዋጋ የምከራከር መስሏቸው ሳቁብኝ።»

«ባለቤቱ መኮንን ነበረ አላልካቸውም?»

«ጋሼ፣ በልኩ ያድርጉት እንጂ።»

ጠርሙሱ አልተገኘም፤ ሐሳቡ ግን አልለቀቀኝም። ክላመር 25 ስንኝ ተሰርቆ የወይን እርሻ ካገኘ፣ ሙሉ ትርጉሙን የሠራችው ኤልዛቤት ሀውፕትማን ምን አገኘች? ክፍፍሉ ተጽፎ አለ። ብሬኽት 62.5 በመቶ፣ ቫይል 25፣ ሀውፕትማን 12.5። ከተረጎመችው ሌላ ምን ያህሉን እንደጻፈች ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ለድሆች በቆመ ኦፔራ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ግጥሙን ለድሆች የጻፈው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል። በዚህ ጉዳይ ብሬኽት ነጋዴ ነው፤ ይህን ደግሞ በኦፔራው ውስጥ ከእሱ በላይ የሳቀበት የለም።

ስም የማስቀረት ነገር በዚያ ቲያትር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ይመስላል። በመጀመሪያው ምሽት ፕሮግራም ላይ የሎቴ ሌንያ ስም ተዘልሎ ቀረ፤ ቫይል በቁጣ ቲያትር ቤቱን ሊያፈርስ ደረሰ። ከ27 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1955፣ ሉዊ አርምስትሮንግ ኒውዮርክ ውስጥ የማኪን ዘፈን በእንግሊዝኛ ሲቀርጽ ሌንያ ስቱዲዮ ውስጥ ነበረች። መጨረሻ ላይ የማኪ ሴቶች ስማቸው ሲዘረዘር አርምስትሮንግ ስሟን ከመሐል ጨመረው። ቦቢ ዳሪን በ1959 ሲዘፍነው ከነጭማሪው ወሰደው፤ የዳሪን ሸክላ በአሜሪካ 9 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። ከፕሮግራም የተሠረዘችው ሴት ማንነቷን በማያውቁ ሰዎች ሁሉ አፍ ላይ ዋለች፤ ያውም ከገዳዩ ሴቶች መካከል ተቆጥራ።

የመጀመሪያው ዘፋኝ ኩርት ጌሮን ዕጣው ሌላ ነው። አይሁዳዊ ነበር። ከሆላንድ ተይዞ ቴሬዝየንሽታት የተባለው ጌቶ ተላከ። እዚያ «ካሩሰል» የሚባል ካባሬ እንዲያቋቁም ተደረገ፤ የማኪንም ዘፈን ለእስረኞቹ ዘፍኖላቸዋል። ናዚዎች ጌቶውን ገነት አስመስለው ለዓለም ሊያሳዩ የፈለጉትን ፊልም እንዲያዘጋጅ አስገደዱት። ፊልሙ ተቀርጾ ሲያበቃ፣ በኦክቶበር 1944፣ አውሽቪትዝ ላኩት፤ እዚያም ተገደለ። ንጹሕ ለብሶ ስለሚሄድ ገዳይ የሚናገረው ዘፈን በዚያ ጌቶ ውስጥ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ግን ዘፈኑ እየወፈረ ሄደ። ኤላ ፊትዝጀራልድ በፌብሩዋሪ 1960 እዚያው በርሊን መድረክ ላይ ስትዘፍነው ግጥሙ መሐል ላይ ጠፋባት፤ ሳታፍር መርሳቷን ራሱን እየዘፈነች ጨረሰችው፣ ግራሚም ተሸለመችበት። ይህን እወደዋለሁ፤ ከማስመሰል መርሳት ይሻላል፣ ብሬኽትም ቢሆን አንጀቱ የሚርስ ይመስለኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ማክዶናልድስ ጭንቅላቱ ጨረቃ የሆነ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ፒያኖ ላይ አስቀምጦ በዚሁ ዜማ የእራት በርገር አስተዋወቀበት። የቦቢ ዳሪን ልጅ ከሰሳቸው። የከሰሰው ስለ ሰባቱ ሕፃናት አልነበረም፤ ማስታወቂያው አባቴን ይመስላል ብሎ ነው።

እንግዲህ ዜማው አታለለን ማለት ነው? ከፊሉን አዎ። ናዚዎች እንኳ በ1938 ዱሰልዶርፍ ላይ «የተበላሸ ሙዚቃ» ብለው ባዘጋጁት ዐውደ ርእይ የዚህን ኦፔራ ዘፈኖች ለማስነወር ቢያስደምጡ ሰዉ ሊያዳምጥ ተጋፋበት ይባላል። ዜማው ልክ እንደ ክራባቱ ነው፤ ሆን ተብሎ አምሮ የተሠራ። ግን አንድ ያልተነገረን ነገር አለ። እንግሊዝኛውን በ1954 ለኒውዮርክ መድረክ ያዘጋጀው ማርክ ብሊትስታይን ነው፤ ትርጉሙ ግሩም ነው፣ ቲያትሩንም ለዓመታት አስኬዶታል። አርምስትሮንግም ዳሪንም የዘፈኑት የእሱን ነው። በዚያ ላይ ግን ቃጠሎው የለም፣ ሰባቱ ሕፃናት የሉም፣ የተደፈረችውም መበለት የለችም። የቀረልን ሬሳው፣ የጠፋው ሀብታምና ረጅሙ የሴቶች ዝርዝር ነው። በ1976 ኒውዮርክ ላይ በሌላ ትርጉም ሲታይ የጎደለው ተመለሰ፤ ያንን ትርጉም ግን በሆቴል ሊፍት ውስጥ የሚያሰማ የለም።

ስለዚህ ለሚዘፍኑት ሁሉ ያለኝ ልመና አጭር ነው። አትከልክሉት፣ ሰርግም ላይ ዝፈኑት፤ ክራባት ያደረገ ሰው ባለበት ሁሉ ቦታው ነው። ግን ሁሉንም ቤት ዝፈኑት። ጣት አታጩሁ፣ ዓይን አትጨፍኑ፣ በእግዜር ዋሽንት አትጨምሩ። ሕፃናቱን በስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው፣ ልክ እንደ ዕቃ ዝርዝር፣ አንብቧቸው። ከዚያ በኋላም ጭብጨባው ከቀጠለ ጥፋቱ የዘፋኙ አይደለም።